ከውጭ የሚቆለፍ በር

እናቴ መሞቻዋ ሲደርስ ንስሐዬን የምነግረው ለአባ ብቻ ነው ብላ ድርቅ አለች። አባ የቁምስናችን፣ የካቶሊክ አጥቢያችን፣ ቄስ ናቸው። የጎረቤት ቁምስናው ቄስ መኪና አላቸው፣ ወዲያው ይደርሱልሻል ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ አንዴ ፊቷን ካዞረች ጳጳስም አይመልሳት። ሐኪሙ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር እንደሌለ ጠዋት በግልጽ ነግሮኛል።

ቁምስናው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ዳይሬክተሩ ነው። ዕድሜ ልኩን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ የሚያሰልፈው ተማሪ ሲያጣ የምእመናን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ እኛን ማሰለፍ ጀመረ። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ ከዚህ ከምነግራችሁ ቅዳሜ ወዲህ ግን አፌ እምቢ ብሎኛል። አባ ሕመምተኛ ሊጠይቁ ገጠር ወርደዋል፣ ለነገው ቅዳሴ ይመለሳሉ አለኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አባ ገጠር ናቸው።

አባ ይጠጣሉ። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም፣ የሚናገርም የለም። ቅዳሴ ላይ ድምፃቸው ሲጎተት ጉንፋን ይዟቸው ነው ተባባልን። መሠዊያው ሥር ሲንገዳገዱ ጥፋቱን ምንጣፉ ላይ ጣልነው፤ ኮሚቴው አዲስ ምንጣፍ አስነጠፈ፤ አባም አዲሱ ላይ ተንገዳገዱ። ያኔ ደግሞ እስኪለምዱት ነው አልን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቅዳሴ ልብሳቸውን የማጥበውና የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ በቄሱ ቤት የጓሮ በር ብገባ ማንም አይከለክለኝም። ጎረቤታችንን እናቴ አጠገብ አስቀምጬ፣ ጠርዙን የሰፋሁትን ነጭ ቀሚስ ክንዴ ላይ ጥዬ ሄድኩ። የወረዱበትን ሰፈር ጠይቄ ልከተላቸው ነበር ሐሳቤ። ኮሪደሩ ውስጥ ስደርስ ግን ሳል ሰማሁ። የሚያስሉት ከመኝታ ቤታቸው ነው። በሩ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ በረት የሚዘጋበት ዓይነት መቀርቀሪያ ተመትቷል፤ መቀርቀሪያው ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መቀርቀሪያው የሚመላለስበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል። የዛሬ ሥራ አይደለም።

«ማነው?» አሉ አባ ከውስጥ።

እናቴ ልትሞት እንደሆነ፣ ከእሳቸው በቀር ማንንም እንደማትቀበል ነገርኳቸው። ቀጥሎ የመሳቢያ ድምፅ ሰማሁ፤ ቅዱስ ዘይቱን እየፈለጉ ነው።

«መጣሁ ልጄ። ቁልፉ ግን እነሱ ጋ ነው» አሉኝ፣ የቤት ዕቃ ያለበትን ቦታ እንደሚያመለክት ሰው።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ቢሮ ገባሁ። ዳይሬክተሩ የእሑዱን መዝሙር እየመረጠ ነበር። ቀሚሱን ፊቱ ላይ ወረወርኩበት። አልተቆጣም፤ ቁጭ በይ ብሎ ለደካማ ተማሪ እንደሚያስረዳ ያስረዳኝ ጀመር። ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ እስከ ቅዳሴው ይቆልፉባቸዋል። ምግብና ውሃ ይገባላቸዋል። የሚገቡትም በገዛ እግራቸው ነው፣ የገፋቸው የለም። ሁሉም ለክብራቸው ነው። ጳጳሱ ከሰሙ ይወስዷቸዋል፣ በምትካቸው የሚላክ የለም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል።

«ልጄ፣ ገመና ይሸፈናል እንጂ አይዘረገፍም» አለኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውስ? ጋሼ፣ የቆለፋችሁት ሰው ላይ ነው። ቁልፉን ያምጡ፤ አለዚያ ደወሉን ደውዬ ሰፈሩን ሁሉ እጠራለሁ» አልኩት።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ይህን ነገር የጀመርኩት እኔ እንዳልመስልሽ አለና አፉን ያዘ። ንዴቴ ስላላስቻለኝ ታዲያ ማነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

አባ ወጡ። አልሰከሩም። ይልቅ መጠጡ ስለቀረባቸው ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የዘይቱን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። መንገድ ላይ ክንዳቸውን ያዝኩላቸው። ዳይሬክተሩ ሁለት የኮሚቴ ሴቶች አስከትሎ ከኋላችን መጣ። ለእናቴ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ አባ በመንገዳቸው መጠጥ ቤት እንዳይገቡ ነው።

እናቴ አባን ስታይ ከግድግዳው ዞረች። አባ እንድንወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡን፤ ንስሐ ምስጢር ነውና። በሩን ልዘጋ ስል እናቴ ከለከለችኝ።

«አይዘጋ። በር መዝጋት ይበቃኛል» አለች። «አባ፣ ያንን መቀርቀሪያ ያስመታሁት እኔ ነኝ።»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ እየተቆራረጠ በሚወጣ ትንፋሽ ሁሉንም ተናገረች። ከመተኛቷ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች የምትቆልፈው እሷ ነበረች። ለእኔ የቤተ ክርስቲያኑን ጽዋ ላጥብ ነው የምሄደው ትለኝ ነበር። ጳጳሱ ቁምስናችንን ሊጎበኙ የመጡ ጊዜም፣ አባ ታምሜያለሁ፣ ወደ ሕክምና ይላኩኝ ብለው ሊናገሩ ከወንበራቸው ሲነሱ እናቴ ቀድማቸው ቆመች። አባታችን ጤነኛ ናቸው፣ ከእጃችን አይውሰዱብን አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አባም መልሰው ተቀመጡ።

አባ የዘይቱን ጠርሙስ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ።

«አውቃለሁ እናቴ» አሉ። «አናጢውን ይዘው ሲመጡ እቤት ነበርኩ።»

«ታዲያ አፍዎን ምን ያዘው? ለምን አልጮኹም?» አልኩ ከበሩ ላይ ሆኜ። በእሳቸውም ተናድጄ ነበር።

«ደስ ብሎኝ ነበራ ልጄ። ራሴን መያዝ ሲያቅተኝ የሚይዝልኝ አገኘሁ ብዬ። እንዲህ ሆኜ ለስንት ሰው መድረስ ሲገባኝ ሳልደርስ ቀረሁ።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። ለንስሐዋ የሰጧት ቀኖና አንድ ነው፤ ለጳጳሱ የተናገረችውን ራሷ እንድታስተካክል። እናቴ ስልክ አምጪልኝ አለችኝ። ይሄኔ ዳይሬክተሩ ሁለቱን ሴቶች ትቶ ከሳሎን ዘሎ ገባ።

«እትዬ፣ ይሰቡበት እንጂ። አባ ከተወሰዱብን ይህ ሕዝብ ሬሳዎን ተከትሎ አይወጣም። እኔ ልለምነው ብልም አይሰማኝም» አላት።

እናቴ በዚህ ሰፈር ያልቆመችበት ቀብር የለም። ዝናብ ሲዘንብ፣ እግሯ ሲያብጥ፣ የማታውቀው ሰው እንኳ ሲሞት ወጥታለች። ለራሷም ቀን ሰው እንዲወጣላት። ያስፈራራት በዚያው ነው፤ ልክ የት ቢነካት እንደሚያማት ያውቃል። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ደውዪ» አለችኝ።

ስልኩን አፏ ላይ ያዝኩላት። ጳጳሱ ሲያነሱ ዋሽቼዎታለሁ አለች፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። የቀረውን እኔ ጨረስኩት፤ መቀርቀሪያውንም ምንጣፉንም ሳላስቀር፣ ዳይሬክተሩን ዓይን ዓይኑን እያየሁ። አባ ከኃጢአቷ ፈቷት፣ ቀቧት። እጃቸው ስለማይጸና ዘይቱ ግማሹ ትራሷ ላይ ፈሰሰ። እሑድ ጠዋት የጳጳሱ መኪና አባን ሊወስድ መጣ፤ እናቴ በዚያው ጠዋት አረፈች። አባ ቀብሯን ሳላደርስ አልሄድም ብለው ነበር፤ ይሂዱልኝ ብዬ መኪናው ውስጥ አስገባኋቸው።

ዳይሬክተሩ እንዳለውም ሆነ። የጎረቤት ቁምስናው ቄስ ፍትሐቷን ያደረሱላት በባዶ ወንበሮች ፊት ነው። ሳጥኑን የሚይዝ ሰው ስለጎደለ አንዱን እጀታ እኔ ያዝኩ። ቄስ አባራሪ ይሉኛል አሉ። ልብስ የሚያሰፋኝም ቀንሷል።

ይበሉ። ተቆጥቻለሁ፣ ቁጣዬም አልበረደም። በዳይሬክተሩ፣ አጨብጭቦ ቀብር በቀረ ሕዝብ፣ በአባም ጭምር፤ ጠርሙሱን ያነሳው የሌላ ሰው እጅ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን በእናቴ። ሰው ቆልፋ ኖራ፣ በመጨረሻው ትንፋሿ ይቅር ተብላ ሄደች። እሳቸው ይቅር ብለዋታል፣ እግዚአብሔርም ይቅር ብሏታል። እኔ ገና ነኝ።