ነጭ ክር የታሰረበት ጆግ

ሐረገወይን ቀናተኛ ናት ስል ስሟን እያጠፋሁ አይደለም። ራሷ ብትሰማ «እና ምን ይጠበስ?» ብላ ስፌቷን ትቀጥላለች። ቡታጅራ ገበያው አጠገብ የሀበሻ ቀሚስ መስፊያ ቤት አላት፤ እዚያ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን በዓይኗ ስትለካ ነው የምትውለው። ማን ወገቧ እንደገባ፣ ማን እንደተንዘረፈጠች ጠንቅቃ ታውቃለች። ከሴቱ ሁሉ ግን የገዛ እህቷን የወለተ ሐናን ያህል ቆሽቷን ያሳረራት የለም።

ወለተ ሐናን ቤተሰቡ ወለቴ ነው የሚላት። ታላቅ ናት፤ ወልቂጤ አግብታ ከባሏ ከሀብቴ ጋር የግንባታ ዕቃ ትሸጣለች። ነገሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተደለደለ ነበር፤ ወለቴ ወፍራሟ፣ ሐረግ ቆንጆዋ። እናታቸው የምትሳሳው ለወለቴ ነው፤ ያቀረበችላትን ሙልጭ አድርጋ በልታ «ድገሚኝ» የምትል እሷ ናትና። ሐረግ ይኼን እያየች አድጋለች። «ቢሆንስ፣ መልኩ የእኔ ነው» እያለች ራሷን ታጽናናለች። ሳይነጋገሩ የተካፈሉ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀዶ ጥገናው መጣ። ወለቴ ስኳሯ አልወርድ፣ ግፊቷ አልመለስ ብሎ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት አዲስ አበባ ሄደች፤ ጨጓራዋን ቀንሰው ሰፉላት። ያን ሰሞን ሐረግ አልቅሳለች፣ ስለት ተስላለች፤ ይኼን አንካድባት። ወለቴ ግን በሰላም ተነሳች። ተነስታም መቅጠን ጀመረች።

መቅጠኗን ከሐረግ የበለጠ ያየው ማን አለ? ቀሚሶቿን በልኳ የምታጠብበው እሷ ናት። ወለቴ ከወልቂጤ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ቀሚሷን ከፌስታል ታወጣለች፣ «ሐረግዬ፣ እንደገና ሰፋብኝ» ትላለች፤ ልክ እንደ ችግር። ሐረግ ስፒል በጥርሷ ይዛ ጎን ጎኑን ትሰበስባለች። አንድ ቀን ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረችና ቁጥሩን አየች። ዓይኗን አላመነችም፤ ደግማ አየች። ከራሷ ወገብ ያንሳል።

«ስንት ሆንኩ?» አለች ወለቴ።

«ያው ነሽ» አለችና ሜትሩን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ማድረግ ጀመረች። ቀሚስ ሲጠብ ትርፉ ጨርቅ በመቀስ ይቆረጣል፤ የሰፊ ወጉ ነው። ሐረግ የወለቴን አትቆርጥም። ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋበታለች። መወፈሯ አይቀርም፣ ያኔ መልሼ እለቅላታለሁ፤ እንዲህ ነበር የምታስበው። እየተመኘች እንደሆነ ለራሷም አልነገረችውም።

መጠጡ የመጣው በመስቀል ነው። የእናታቸው ቤት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ነው፤ በመስቀል ዘመዱ ሁሉ እዚያ ይከተታል። ታውቁ የለ፣ በእኛ አገር በመስቀል ክትፎ ቀርቦለት የማይበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በመጣው በመጀመሪያው መስቀል ወለቴ ትንሽ ቀምሳ ላብ በላብ ሆነች፤ አልወርድ አላት። የእናቷ ፊት ጠቆረ። አጎቶቿ «ምን በደልንሽ?» አሉ። ጎረቤት ስትሄድም ያው ሆነ። በመጨረሻ «በቃ ካልበላሽ ጠጪ» ተባለ፤ ሁሉም እፎይ አለ። ጠጅ መቼስ ፈሳሽ ነው፣ ይወርድላታል። አንድ ብርሌ ሳትጨርስ ጉንጯ ቀላ፣ ሳቋ ተመለሰ፣ እናቷም ልጇን ያገኘች መሰላት። ቀጂዋ ሐረግ ነበረች። ያኔ ግን መጠጡ እንዲህ እንደሚጎዳት አታውቅም፤ ማንም አያውቅም ነበር።

ወለቴ ወልቂጤ ስትመለስ ጠጁ አረቄ ሆነ። በውሃ ላስቲክ እየሞላች ሱቅ ይዛው ትውላለች። ሀብቴ አንድ ቀን ለሐረግ ደወለ። «እህትሽን ሲሚንቶው ላይ ተዘርራ አገኘኋት፤ ጠጥታ ነው» አላት። ድምፁ ይሰባበር ነበር። ሐረግ ስልኩን ዘጋችና ደስ አላት። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አላት። ወዲያው አፍራ አማተበች፤ ደስታው ግን ቀድሞ መጥቶ ነበር።

ደግነቱ ወለቴ የሚነግራት ሰው አገኘች። ወልቂጤ ያለ አንድ ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረዳት፤ ጨጓራሽ ስለተቀነሰ መጠጡ ሳይውል ሳያድር ደምሽ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ድሮ በምግብ የምታስታግሺው ጭንቀትም ሌላ በር አግኝቷል አላት። እንደሷ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ክሊኒኩ ውስጥ በየሳምንቱ ይገናኙ ነበር፤ እየተሸማቀቀች ሄደች። ሁለት ጊዜ ትታ ሁለት ጊዜ ተመለሰችበት። ከፋሲካ ወዲህ ግን አልቀመሰችም።

«ጀግና ናት እኮ» አለ ዘመድኩን፣ የሐረግ ባል፣ ይኼን የሰማ ቀን።

ሐረግ ደሟ ፈላ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጥታ ወድቃ አታውቅም፤ ለዚህ ማን ጀግና ብሏት ያውቃል? እህቷ ስትወፍር ተወደደች፣ ስትከሳ ተደነቀች፣ ስትጠጣ ታዘነላት፣ ስትተው ተጨበጨበላት። ሐረግ እናቷን ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፣ ጣሪያ ሲያፈስ ታስጠግናለች፣ ቤቱን በእጇ ይዛዋለች፤ ይኼ እንደ ሥራም አይቆጠርላትም።

ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ ወለቴ ለበዓሉ አዲስ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ሐረግ ወገቧን ይዛ ስፒል ስትሰካ ወለቴ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት ተናገረች።

«አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። እማዬ መጠጥ መተዌን አታውቅም፤ መጠጣቴንም አታውቅም። ብነግራት ትሞትብኛለች። አጎቶቼ ደግሞ አያስቀምጡኝም። ለፈትሂያ ብርዝ ይበጠበጣል አይደል? ከሱ ቅጂልኝ። ከጠጁ ማንም አይለየውም።»

ፈትሂያ የእናታቸው ጎረቤት ናት፤ ሙስሊም ስለሆነች በየመስቀሉ ለእሷ ሳይፈላ የሚቀርብ የማር ብርዝ ይዘጋጅላታል። መልኩ ከጠጅ ጋር አንድ ነው። እንዳይሳሳት ሐረግ ሁልጊዜ የብርዙ ጆግ እጀታ ላይ ነጭ ክር ታስራለች።

«ለምን እኔ?» አለች ሐረግ። «ሀብቴ አለልሽ።»

«ሀብቴ ሱቁን ጥሎ አይመጣም። ቢመጣም ያዝንልኛል፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ካየ አንድ ትንሽ ቢሰጠኝ ይመርጣል። እስከ ዛሬ ያጠጡኝ ሁሉ አዝነውልኝ ነው። አንቺ አታዝኝልኝም።»

ሐረግ ይኼን ምስጋና ትበለው ስድብ ትበለው አልገባትም። «እሺ» አለች፤ ስፒሉን ሰካች። የቀሚሱን ትርፍ ጨርቅ ዘንድሮም አልቆረጠችውም።

የመስቀል ዕለት ረፋዱ ላይ ቤቱ ጢም አለ። ክትፎው በኮባ ቅጠል ላይ ቀረበ፤ ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ተደረደረ። ፈትሂያ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ገብታ ከአይቡና ከጎመኑ አጠገብ ቦታዋን ያዘች። ሐረግ ሁለቱን ጆጎች ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ባለ ክሩ በግራዋ፣ ጠጁ በቀኟ።

ወለቴ የገባች ጊዜ ጨዋታው ሁሉ ተቋረጠ። ቀሚሱ ልክክ ብሎባታል፤ ወገቡ ላይ ያለው አረንጓዴ ጥልፍ ሐረግ ዓይኗ እስኪፈዝ የሠራችው ነው። «አንቺ ልጅ፣ ዕድሜሽ ወደኋላ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ አንዱ አጎት። ዘመድኩን ሊያስቀምጣት ብድግ አለ፤ ለሚስቱ እንዲህ ብድግ ያለበትን ቀን ሐረግ አታስታውስም። «ቀሚሱማ ጉድ ነው፤ የት አሰፋሽው?» አለች አንዲት ዘመድ።

«እዚሁ ነው፣ ሐረግ ናት» አለች እናትየዋ ዞር ሳትል። ዓይኗ ከወለቴ ላይ አልተነሳም።

ከዚያ ምርቃቱ ሆነ። ከምርቃቱ በኋላ የመጀመሪያውን ክትፎ እናትየዋ በእጇ ታጎርሳለች፤ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ጉርሻ ምን ማለት እንደሆነ ልጆቿ ያውቃሉ። ዓመቱን ሙሉ እናቷን ያስታመመች ሐረግ ናት። ዘንድሮስ ለእኔ ነው ብላ ሳታስበው ቀና ብላ ነበር። እናትየዋ በአጠገቧ አልፋ ሄደችና መብላት ለማትችለው ለወለቴ አጎረሰች። ወለቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ያንን ጉርሻ እንደ ምንም ዋጠችው።

«የኔ ልጅ፣ ደግሞ ጠጪበት» አለች እናትየዋ። «ሐረግ፣ ለእህትሽ ቅጂላት እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሐረግ ተነሳች። ሁለቱንም ጆጎች አየች፤ ክሩንም አየችው፤ ራሷ ያሰረችው ነጭ ክር ነው። እጇ ወደ ቀኝ ሄደ። ተሳሳትኩ እንዳትል አልተሳሳተችም፣ አላወቅሁም እንዳትል ታውቃለች። እስቲ ደግሞ ትውደቅና ያዩዋት፤ ይህን ብቻ ነበር የምታስበው። ብርሌውን እስከ አንገቱ ሞልታ ለወለቴ ሰጠቻት።

ወለቴ የሐረግን እጅ ሳይሆን ፊቷን እያየች ተቀበለቻት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ብርሌውን አነሳች። ከንፈሯ ጋ ደረሰ። እዚያው ቆመ።

ሐረግ የእህቷን ጉሮሮ ነው የምታየው። ጠጁ ብርሌው ውስጥ ይርገበገባል። ወለቴ ዓይኗን ከሐረግ ላይ አልነቀለችም። ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ልጅ ሆነው ወንዝ ሲሻገሩ ወለቴ ከኋላ ቆማ «ያዢኝ፣ እወድቃለሁ» ስትላት እንዲህ ነበር የምታያት፤ በዚያ ሁሉ ክብደቷ በቀጭኗ ሐረግ ላይ ተንጠላጥላ ነበር የምትሻገረው። ሐረግም አንድ ቀን ለቅቃት አታውቅም።

ዘላ ብርሌውን ከአፏ ነጠቀቻት። ግማሹ ቀሚሱ ላይ፣ አረንጓዴው ጥልፍ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«ምን ነካሽ?» አለ ዘመድኩን። «እህትሽ አፍ ላይ ያለውን? አታፍሪም?»

«ጠማኝ» አለች ሐረግ። እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ምቀኛ ናት አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ወለቴ ቀሚሷን ለማጠብ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሐረግም ውሃ ይዛ ተከተለቻት። ተንበርክካ ጥልፉን ታሸው ጀመር። ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ሸቶኝ ነበር» አለች ወለቴ ቀስ ብላ። «ገና ከእጅሽ ስቀበል።»

ሐረግ እጇ ቆመ። «ታዲያ ለምን አላስቀመጥሽውም?»

«አንቺን እየጠበቅሁ ነበር።» ወለቴ ቀሚሷን ጎኗ ላይ በጣቷ ቆንጠር አደረገችው፤ እዚያ ጋ ተጣጥፎ የተሰፋው ጨርቅ ወፍሮ ይታያል። «ይኼን አትቆርጪውም አይደል? በሁሉም ቀሚሶቼ ላይ አለ። ሲቧጭረኝ ነው የሚውለው። ለምን እንደተውሽው አውቃለሁ። ዝም ያልኩሽ ሌላ እህት ስለሌለኝ ነው።»

ሐረግን ቅናቷ ለቀቃት እንዳልላችሁ አልለቀቃትም፤ እዚያው አንጀቷ ውስጥ ነው። ግን ፍርሃት መጥቶ ከላዩ ተቀመጠበት።

«ባልነጥቅሽስ ኖሮ?»

ወለቴ እርጥቡን ቀሚስ ከገላዋ አላቀቀችና አራገፈችው።

«እጠጣው ነበር» አለች።

ከሳሎን የእናታቸው ድምፅ መጣ። «ሐረግ፣ እህትሽን ባዶ እጇን አታስቀምጫት፤ ሌላ ቅጂላት» ትላለች።

ሐረግ ተነሳችና ወጣች፤ ወለቴም ተከትላት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሁሉም እያያት ባለ ነጭ ክሩን ጆግ አነሳች፣ ትንሽ ለራሷ ቀድታ ቀመሰች። ብርዝ ነው። እንደገና ቀመሰች። ከዚያ የወለቴን ብርሌ ሞልታ ወስዳ ሰጠቻትና እዚያው ጎኗ ተቀመጠች። ጆጉን ግን መሬት አላስቀመጠችውም፤ በዓሉ እስኪያበቃ ጭኗ ላይ እንደያዘችው ዋለች።