ከወገቡ ሁለት ጣት

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ውሸታም ሲለኝ ደሜ ይፈላል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ የደንበኛ ጨርቅ ቆርጬ አስቀርቼ "አልበቃም" ብዬ አላውቅም። የወንድሜን ሱሪ ነገር ግን ልካድ ብልም አልችልም፤ ስፌቱ ራሱ ይመሰክርብኛል።

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ በርሜል ነው የሚለው። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ ትኬት ይቆርጣል። ከጧት እስከ ማታ ከወንበሩ የሚነሳው አንድም ለምሳ፣ አንድም ከምሳ በኋላ ለሚበላው ነገር ነው። ስቀልድበት "ተይ እንጂ እትዬ፣ ሰው ከነሞገሱ ነው!" ይለኝና ስቀን እናልፈው ነበር። የትንሿ ኩላሊት እምቢ እስኪል ድረስ።

ትንሿ የሁላችን ታናሽ ናት። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። ኩላሊቴን ልስጣት ብዬ ብሄድ "ደም ብዛት አለብሽ" ብለው ገና ከበሩ መለሱኝ። የበርሜል ግን ሁሉ ነገሩ ገጠመ። ችግሩ ክብደቱ ብቻ ነበር፤ መቶ ስምንት ኪሎ። ሐኪሙ "ዘጠና አምስት ስትገባ ና። በዚህ ውፍረት ቢላ አላነሳብህም" አለውና ስድስት ወር ሰጠው።

ስንወጣ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ያዘችን። "ራስህን እንዳታስርብ" አለችው። "ሳምንት የተራበ ሰው በአንድ ቀን ያካክሰዋል። ትንሽ ትንሽ ልማድ ያዝ። ሻይህን ያለ ስኳር ጠጣ፤ ዳቦህን ግማሽ አድርግ፤ አንድ ፌርማታ ቀድመህ ውረድና በእግርህ ሂድ። ሚዛን ላይ ዕለት ዕለት አትውጣ፣ ተስፋ ያስቆርጥሃል። ሱሪህን እየው። ሱሪ አይዋሽም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

እኔ በሆዴ፣ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እህቴ ትጠብቀዋለች ወይ? አልኩ።

የመጀመሪያውን ወር እንዳለችው አደረገ። ዳቦውን በቢላ እኩል ይገምስና ግማሹን ለመናኸሪያው ጥበቃ ይሰጠዋል። ሻዩን ያለ ስኳር ሲጠጣ ፊቱን ላየ፣ መርዝ የሰጡት ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ይመጣል፤ መስታወቱ ፊት ቆሞ ጣቱን ሱሪው ወገብ ውስጥ ያስገባል። በወሩ መጨረሻ አንድ ጣት ገባ። እልል አልኩ! በሁለተኛው ወር ንቅንቅ የለም። በሦስተኛው ወር ቁልፉ አልዘጋ አለ።

የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ አለቀሰ። ያ ሁሉ ሰውነት ይንቀጠቀጥ ነበር። "በቃኝ እትዬ" አለ። "እኔ ሰው አልሆንም። ልማዱም ትንሽ፣ ውጤቱም ትንሽ፤ እኔ ብቻ ትልቅ!" ብብቱ ስር ሙሉ ፌስታል ኬክ ይዞ ነበር። ዛሬ ከተወው ተወው ማለት ነው ብዬ ፈራሁ።

"ሱሪውን ተውልኝ፣ ልተኩስልህ" አልኩት።

ለእሱ ስሰፋ ከኋላ ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፣ ገላውን አውቀዋለኋ። የኋላውን ስፌት በምላጭ ተረተርኩና ሁለት ጣት ለቀቅኩለት። በማግስቱ ሲለብሰው ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸ። ከዚያ ቆም አለና አየኝ።

"እትዬ፣ ነክተሽዋል እንዴ?"

"ትንሿ ትሙት፣ አልነካሁም!"

ከልጅነታችን ጀምሮ የምንምለው በእሷ ነው። ከእሷ የምንወደው ምን አለና? ከአፌ እንደ ውሃ ወረደ። እሱም አመነኝ፤ ያን ቀን ሁለት ፌርማታ በእግሩ ሄደ። እኔም፣ ደስታው ያስሮጠዋል፣ እየሮጠ ውሸቴ ላይ ይደርስበታል፣ ያኔ እውነት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጅል!

ሱሪው የሰፋው ሰው ይዝናናል እንጂ ለምን ይሮጣል? "ዛሬስ ይገባኛል" እያለ ሙሉ ዳቦ ጀመረ። ስኳሩም ተመለሰ። እኔ ደግሞ አንዴ ገብቼበታለሁ፤ በየወሩ "ልተኩስልህ" እያልኩ ለቀቅኩለት። ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ ከሱሪው እግር እጥፋት ቆርጬ ከኋላ ጣልኩበት። በዚያው የስፌት መኪና፣ በዚያው ሰሞን የትንሿን ቀሚስ አጠብብ ነበር፤ አራት ጊዜ አጠበብኩት።

ቀኑ ደርሶ ሚዛን ላይ ወጣ። መቶ አሥራ አንድ።

በርሜል ሳቀ። "ሚዛናችሁ ነው የታመመው! ይኸው ሱሪዬን እዩት!" ብሎ እጁን እስከ አንጓው ወገቡ ውስጥ ከተተው። ነርሷ ከኋላው ዞረችና ሸሚዙን ከፍ አደረገች። የጣልኩትን ጨርቅ አየች፤ ከዚያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አየች። እሱም ዓይኗን ተከትሎ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ ሦስት ወር ጨመረለት። "እሷ ከቆየች ነው" አለ።

በሳምንቱ በርሜል ሱሪውን ሱቄ ወርውሮልኝ "እንደነበረው አድርጊው" አለኝ። መጀመሪያ ወደሰፋሁት መስመር መለስኩት። ቁልፉ ስለማይደርስለት በገመድ አሰረው፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም። ጧት ጧት ግን በሱቄ በር ሲያልፍ አየዋለሁ፣ እስከ መናኸሪያው ያለውን አራቱንም ፌርማታ በእግሩ። ጥበቃው እንደነገረኝ ግማሽ ዳቦው ተመልሷል። መጀመሪያ ገመዱ ቀረ። ከዚያ ሸሚዙ ይውለበለብ ጀመር። አምላኬን የለመንኩትን ያህል እህል አልበላሁም።

ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሲሆነው፣ ጧት ሱቁን እንደከፈትኩ ነርሷ ደወለች። የትንሿ ልብ ደክሟል። ቀዶ ጥገናው ከእንግዲህ አይታሰብም፤ እጥበቱንም አልቻለችውም። "ቤተሰብ ቶሎ ይምጣ" አለችኝ።

ስልኩን ገና ከጆሮዬ ሳወርድ በርሜል ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

"እትዬ!" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። "እዪው! ነክተሽዋል?"

"አልነካሁም።"

"ትንሿ ትሙት በይ!"

ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ ይስቃል። አፌን ከፈትኩ። በሐሰት ጊዜ እንደ ውሃ የወረደው መሐላ፣ እውነት ስናገር አልወርድ አለ። ሞከርኩ፤ አልወጣም።

ሳቁ ቀረ። ሱሪውን ወገቡ ላይ አዞረው፤ ከመስፋቱ የተነሳ የኋላው ስፌት ዞሮ ከፊቱ መጣ። በጣቱ ዳሰሰው። የድሮ የመርፌ ቀዳዳ እንጂ አዲስ ነገር የለም።

"አልነካሽውም" አለ። "ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የማትምይልኝ?"

ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየ።

ገባው። ሱቁን ዘግቼ ተያይዘን ወጣን። ሆስፒታሉ እስክንደርስ ድረስ በርሜል ሱሪው እንዳይወርድበት በሁለት እጁ ወገቡን ይዞ ነበር።