ለቡችላዋ የወጣላት ስም

በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መምህር ገሠሠ ዳባት ገበያ የወረዱት የገብስ ዘር ሊገዙ ነበር፤ ወደ ደባርቅ የተመለሱት ግን ዳማ መልክ ያላትን ሴት ቡችላ በጋቢያቸው ሸጉጠው ነው። እሳቸው ድሮም እንዲህ ናቸው፤ የሄዱበትን ትተው ያልሄዱበትን ይዘው ይገባሉ።

«ዳማ እንበላታ፤ መልኳ ይኸው ተናግሯል» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ።

«ስሟ ወጥቷል። ዓለምብርሃን ነው።»

ወይዘሮ ወርቄ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ። «የሰው ስም ለውሻ? ምነው ገሠሠ፣ በዚህ ስም የምትጠራ ሴት ብትሰማህ እንደ ሰደብካት አይደለም?»

«የሰው አይደለም፤ የልብወለድ ስም ነው» አሉ መምህሩ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው በክርክር አይረታም።

ልብወለዱን ግን ከእሳቸው በቀር ያየው አልነበረም። በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ጤናዬ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪያቸው በሦስት ደብተር ጽፋ፣ በሲባጎ አስራ አመጣችላቸው። ዓለምብርሃን የምትባል ሴት ሊማሊሞን ብቻዋን በእግሯ ስትወርድ ይጀምራል። «አንብቤ አዲስ አበባ ለማውቃቸው አሳታሚዎች እልክልሻለሁ» አሏት። በቀይ እስክሪብቶ ፊደሏን እያረሙ የመጀመሪያውን ደብተር ጨረሱ። ከዚያ የፈተና እርማት መጣ፤ ከዚያ ክረምት። ጤናዬ በየሳምንቱ ትጠይቃለች፤ እሳቸውም በየሳምንቱ «በዚህ ሰሞን» ይላሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለውን ተረት ለተማሪው ሁሉ የሚያስተምሩት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ጠይቃ ጠይቃ ተወች፤ ትምህርቷን ጨርሳም አምባ ጊዮርጊስ ሥራ ተቀጠረች። ደብተሮቹን ጣሪያው አፍስሶ ሳጥን ውስጥ እንዳሉ አበሰበሳቸው።

ጸጸቱ የመጣው ከጡረታ በኋላ ነው። ያቺን የልብወለድ ሴት ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ጥለዋት የሄዱ ያህል ተሰማቸው። ስሟን እንኳ በየቀኑ እየጠሩ ቢያኖሩት የሚክሱ መሰላቸው። የተማረ ሰው ሲሳሳት አሳምሮ ነው።

ቡችላዋ አድጋ በር መጠበቅ ከጀመረች በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጤናዬ መጣች። ውሻዋ እየጮኸች ወደ በሩ ስትሮጥ መምህሩ «ዓለምብርሃን፣ ነይ ተመለሽ» ብለው ተጣሩ።

የጤናዬ እጅ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። መምህሩ አውቀዋታል፤ ደስም አላቸው።

«በአንቺ ልብወለድ ነው የሰየምኳት፤ ግቢ ልጄ። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ።»

ገብታ ተቀመጠች፤ የቀረበላትን ጠላ ግን አልነካችም። «መምህር፣ የመጣሁት ደብተሮቹን ልጠይቅዎት ነበር። ልጄ ዐሥር ዓመት ሞላት፤ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች እያለች ትጠይቀኛለች። ላነብላት ብዬ ነው።»

«አያቷን ከልብወለዱ ጋር ምን አገናኛቸው?»

ጤናዬ ጠላውን ገፋ አደረገች። «ዓለምብርሃን እናቴ ናት።»

መምህሩ የክፍሉን የስም መዝገብ አስታወሱ። ጤናዬ ያርጋል ማዕረግ፤ የራሷ፣ የአባቷ፣ የአያቷ። የእናት ስም የሚጻፍበት መዝገብ በዘመናቸው አላዩም፤ አንድም ተማሪ እናትሽ ማን ትባላለች ብለው ጠይቀው አያውቁም።

«ከየት ልወቅ ልጄ?» አሉ።

«የሦስተኛው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌው ነበር። በሞተች በዓመቱ፣ እንዳልረሳት ብዬ የማስታውሰውን ሁሉ እዚያ ነው ያስቀመጥኩት። አሁን ግማሹ ጠፍቶብኛል።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አላነበቡትም ነበር ማለት ነው?»

አንብቤዋለሁ ሊሉ ቃጣቸው። አፋቸው እምቢ አለ።

«አላነበብኩትም። ደብተሮቹም የሉም፤ ዝናብ በልቷቸዋል።» ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም።

ጤናዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ውሻዋ ጅራቷን እየቆላች እስከ በሩ ሸኘቻት።

«እንግዲያው የእናቴን ስም እንኳ ይመልሱልኝ» አለች።

መለሱላት። ከዚያ ወዲህ ያ ስም ከመምህር ገሠሠ አፍ አልወጣም። ውሻዋ ግን ዳማ ቢሏት አትዞርም፤ ሌላም ቢሏት አትዞርም። ወደ አስፋልቱ ስትወጣ፣ ሠላሳ ዓመት ቋንቋ ያስተማሩት ሰው በራቸው ላይ ቆመው የቆርቆሮ ሳህን በማንኪያ ይመታሉ። አንዳንዴ ትሰማለች፤ አንዳንዴ አትሰማም።