የእድር ማኅተም ያረፈበት ቅጽ

አርብ ማለዳ ይታገስ ሻንጣውን ብድግ ቢያደርገው ቀለለው። የመድኃኒት ሻጭ ሻንጣ ሲቀል ደግ ምልክት አይደለም። ከፍቶ ቢያይ ሃያ አራቱም የጨጓራ መድኃኒት ናሙናዎች የሉም። ያለው የመረከቢያ ቅጹ ብቻ ነው፤ እሱም ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣት አሻራ ተዥጎርጉሮ፣ ግርጌው ላይ የማርያም እድር ክብ ማኅተም ተመትቶበታል።

«እማየ!»

የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ማናለሽ እጃቸውን እያደረቁ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጀ? ትናንት አንተ ሻንጣህን ትተህ ቢቸናን ስትዞር እድርተኛው እዚህ ተሰብስቦ ነበር። ሆዱን የማያመው ሰው የት አለና? አደልኩልህ። ቅጹ ስም ይላል፣ ስም አለ። ፊርማ ይላል፣ አሻራ አለ። ማኅተም ይላል፣ ይኸው! ምን ጎደለው?»

ምን ጎደለው! ይታገስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አምስት ዓመት ፋርማሲ ተምሮ፣ በስንት ደጅ ጥናት ያገኘው ሥራ የሙከራ ጊዜው የሚያበቃው ዛሬ ነው። መድኃኒት አስመጪው ድርጅት እስከ ማታ ቅጹ ላይ የአንድ ሐኪም ማኅተም ካላየ አሰናብቶታል። የሞጣው ዶክተር አምላኩ ሁለት ጊዜ ካመላለሱት በኋላ «ናሙናውን ይዘህ ና» ብለው ለአምስት ሰዓት ቀጥረውታል። አሁን ሄዶ የእድር ማኅተም ያሳያቸው?

ሰፈሩን በሩጫ አካለለው። አንዷ «የተሰጠ ነገር ይመለሳል እንዴ?» ብላ ተቆጣችው። አቶ ፋንታ ደግሞ የእሳቸውን ድርሻ ሆዷ ለተነፋ ላማቸው በውኃ በጥብጠው አጠጥተው ኖሯል፤ «መድኃኒትህስ መድኃኒት ነው፣ ይኸው ቆማለች!» ብለው መረቁት። በምርቃቱ መሐል ሊጮህ ምንም አልቀረው። እንደምንም ዘጠኝ ፓኬት አስመልሶ መናኸሪያ ደረሰ። ለሐኪሙ ዘጠኝ ይበቃል።

ለቀጠሮው የሚያደርሰው የሞጣ ሚኒባስ ሞልቶ እሱን ብቻ ይጠብቃል። አንድ እግሩን አስገብቶ ቅጹን ሲያጣጥፍ ዓይኑ አንድ ስም ላይ ዐረፈ፦ ስርጉት። ስርጉት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ስልኳ ዝግ ነው። እናቱ ጋ ደወለ።

«ለስርጉትም ሰጠሻት?»

«ከሁሉ በፊት! ቃሩ እንቅልፍ ነሥቷት የለ?»

«እማየ፣ ለነፍሰ ጡር እኮ ፈጽሞ አይሰጥም!»

«እኔ ምን አውቄ? ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆመህ ‹ለጨጓራ ፍቱን፣ ለሁሉም የሚስማማ› ስትል የከረምከው አንተ አይደለህ? ለነፍሰ ጡር አይሆንም ስትል አንድ ቀን አልሰማሁህም!»

ሥልጠና ላይ «ካልተጠየቃችሁ ማስጠንቀቂያ አታንሱ» ተብለው ነበር፤ እሱም አላነሳም።

«ትገባለህ ወይስ ልሂድ?» አለ ሾፌሩ።

ይታገስ እግሩን አወረደ። ሚኒባሱ ጥሎት ሄደ።

ስርጉት ቤት ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል። እሷ ግን ፓኬቱን ከነእሽጉ ከሣጥን አውጥታ ሰጠችው።

«እትየ ማናለሽስ ለሁሉም ይሆናል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን የተማረው ልጃቸው ይንገረኝ ብየ አኖርኩት።»

ደጃፏ ላይ ቁጭ ብሎ ሞጣ ደወለ፤ የሆነውንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

«ለነፍሰ ጡር አይሰጥም?» አሉ ዶክተር አምላኩ። «ሁለት ጊዜ ቢሮዬ መጥተህ ስታወራ ይህን አልነገርከኝም።»

«አልጠየቁኝማ» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

«አልነገርኩዎትም፣ ዶክተር።»

«በል አሁን ንገረኝ።»

ከፓኬቱ ውስጥ ወረቀቱን መዝዞ፣ እስከ ዛሬ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ አነበበላቸው። ከውዳሴው ይረዝማል። ስርጉት በሩን ተደግፋ ታዳምጣለች።

«ሰኞ ጠዋት ና» አሉ ሐኪሙ ሲጨርስ። «እረከብሃለሁ።»

ሰኞ! ሰኞማ ሥራው የለም፤ ሻንጣውንም ድርጅቱ ይወስደዋል።

«እሺ ዶክተር» አለ ይታገስ። «ሰኞ እመጣለሁ።»