ከአንስ ማርቤ ለአንስ ማርቤ

በዚያ ዘመን በዋናው ፖስታ ቤት ደብዳቤ የምለየው፣ ገቢና ወጪ የምመዘግበው፣ በየሦስት ወሩም ለግምጃ ቤቱ ሹም ለሚስተር ፔምበርተን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ደሴቲቱ የእንግሊዝ ናት፤ ቴምብሩ ላይ ያለችውም ንግሥት የእነሱው። ሥራውና ስድቡ ግን የእኛ ነበር።

ሚስተር ፔምበርተን ከለንደን «ፖስታችሁ ኪሳራ ላይ ነው» የሚል ወረቀት በመጣበት ቁጥር አንድ ነገር ካልዘጋ እንቅልፍ አይወስደውም። የዚያን ዓመት ዓይኑ ያረፈው አንስ ማርቤ ላይ ነው፤ ከተራራው ማዶ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የመንደሯ ወጣቶች ባሕር ተሻግረው ኮሎን ወደምትባል ከተማ ሄደው የመርከብ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ከዚያ ይጽፋሉ፣ ገንዘብ ይልካሉ። የእኛ መዝገብ ግን ለሚመጣ ደብዳቤ ቦታ የለውም። ገቢ ማለት የተሸጠ ቴምብር ነው። በዚህ ስሌት አንስ ማርቤ በሦስት ወር አሥራ አንድ ሽልንግ ታስገባለች፣ ሦስት ፓውንድ፣ ማለትም ስድሳ ሽልንግ፣ ትበላለች።

«እስከ መስከረም መጨረሻ የሁለት ፓውንድ ቴምብር ካልሸጠች ትዘጋ» አለ ሚስተር ፔምበርተን። ደብዳቤውን በእጄ ጻፍኩት።

የተላከው ለሚስ ኡርሱሊን ላቦርድ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤቷን ፖስታ ቤት አድርጋ የኖረች ሴት ናት። ማንበብ ለማይችል ታነብለታለች፣ መልሱንም ትጽፍለታለች። እሷ ከተዘጋች የመንደሩ እናት ሁሉ የልጇን ደብዳቤ ለመውሰድ ተራራ አቋርጣ አንድ ቀን ተኩል በእግሯ ልትመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ የፖስታ ጀልባ ነጂው ኔስቶር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኡርሱሊን ኮፍያዋን አድርጋ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመች።

«ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ ነገር ያለው ሰው በአፉ እንዳይናገር! በቴምብር ይናገር!»

«ሚስ ኡርሱሊን፣ ጎረቤቴን ለመስደብ ግማሽ ፔኒ ልክፈል እንዴ?» አለች አንዷ።

«አፍሽ ባለፈው ዓመት ፍርድ ቤት ስንት እንዳስከፈለሽ ረሳሽው? ግማሽ ፔኒ ርካሽ ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግን ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት ከረጢቱን ስዘረግፈው «ከአንስ ማርቤ ለአንስ ማርቤ» የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛዬን ሞላው። ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰኑ ሰዎች ይጻጻፋሉ። ትንንሽ ቢሮዎች ማኅተም ስላልነበራቸው ደብዳቤው ሁሉ ሃያ ሁለት ማይል በጀልባ ወደ እኔ መምጣት፣ መታተም፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሶ መሄድ አለበት። ዘዴዋ ገባኝ። አላየሁም አልሰማሁም ብዬ እያተምኩ መለስኩ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ሚስተር ፔምበርተን ሲሸወድ ማየቱ ደስ ስላለኝ ነው።

መንደርተኞቹ ግን አንድ ነገር አላሰቡም። ነጭ ወረቀት ከቴምብሩ ይበልጥ ውድ ስለሆነባቸው ባለሱቁ የዱቄት ከረጢቱን ቡናማ ወረቀት እየቀደደ በነጻ ሰጣቸው። ያ ወረቀት እንደ ቆዳ የወፈረ ነው። ኔስቶር ደግሞ ከፖስታ ቤቱ የሚከፈለው በክብደት ነው፣ ሲመጣም ሲመለስም።

«ጌታው፣ እነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የሚጻጻፉት?» አለኝ ከረጢቱን ወለሉ ላይ እየጣለ። «ድንጋይ ነው?»

«አንተ ምን አገባህ? እየተከፈለህ!»

«እሱስ እግዜር ይስጣቸው፤ ለሚስቴ ጫማ ገዛሁላት!»

መስከረም አለቀ። አንስ ማርቤ ሁለት ፓውንድ ከአራት ሽልንግ ሸጠች። የኔስቶር ክፍያ ጭማሪ ግን ከዚያም በአምስት ሽልንግ በለጠ። የጀልባው ሒሳብ ሁልጊዜ ለማዶው ዳርቻ በሙሉ በአንድ ድምር ነበር የሚቀርበው፤ በየመንደሩ ከፋፍለህ አምጣ ያለኝ ሰው የለም። እኔ ነኝ የከፋፈልኩት። ሥራዬ ጥንቅቅ ሲል እወድ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሚስተር ፔምበርተን ቁጥሩን አየና በማግስቱ ዘጋት።

ቢሮው ሲዘጋ ስድሳ አንድ የአንስ ማርቤ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ቀረ። መመለሻ ቢሮ የለውም። ደንቡ ባለቤቱ እስኪመጣ ሦስት ወር ይቀመጥ፣ ከዚያ ተከፍቶ ላኪው ይፈለግ፣ ካልሆነ ይቃጠል ይላል። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ለስድብ ደብዳቤ ተራራ የሚያቋርጥ የለም፣ ማንም አልመጣም።

በጥር ከፈትኳቸው። ግማሹ ባዶ ወረቀት ነው። አንዱ «የምልህ የለኝም፣ ኡርሱሊን ናት ጻፍ ያለችኝ» ይላል። አንዷ «መጥረጊያዬን መልሺ» ትላለች። እየሳቅሁ የሚቃጠለው ወደሚጠራቀምበት ቅርጫት ስወረውር አንዱ እጄ ላይ ቀረ። ቴዎዱል የሚባል ዓሣ አጥማጅ አብራው ለምትኖር ሚስቱ በተንጋደደ ፊደል የጻፈው ነው።

«ፊሎሜን፣ ክሌቱስ ልጃችን ሞቷል። ኮሎን ላይ በንዳድ ነው። ጓደኛው ከፋሲካ በኋላ ወደብ ላይ አግኝቶኝ ነገረኝ። ልነግርሽ አፌን ስከፍት ሌላ ወሬ ይወጣኛል። ሚስ ኡርሱሊን ታንብብልሽ። ጀልባው በሚመጣበት ቀን ዘግይቼ እገባለሁ።»

ሳቄ ደረቀ። ሐሙስ ለኔስቶር ከኪሴ ከፍዬ ተሳፈርኩ።

ኡርሱሊን በሯ ላይ የካሳቫ ሥር ትልጣለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ተከፍቶ ስታየው ቀና አለች።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ። ደንቡ ነው፣ ሚስ ኡርሱሊን።»

አነበበችው። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እህ፣ ደንቡ ነው። እንግዲህ ደንቡ ራሱ ሄዶ ያንብብላት። እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም፣ ዘግታችሁኛል።» ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። «ሦስተኛው ቤት ነው። ቀስ ብለህ አንብብ፣ እማማ ፊሎሜን ጆሮዋ ደከም ብሏል።»

ቴዎዱል ግቢው ውስጥ መረብ ይጠግናል። ቡናማውን ወረቀት እጄ ላይ ሲያይ እጁ ቆመ። ሊሄድ ተነሣ፤ ተመልሶ መረቡ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ በሩ ላይ ወንበር ሰጠችኝ። አነበብኩላት። ጮክ ብለህ ድገምልኝ አለችኝ፤ ‹ሞቷል› የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«መቼ ነው የጻፈው?» አለችኝ።

«መስከረም መጨረሻ። እኔ ዘንድ ነበር የተቀመጠው።» ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን እያየች ያለችው ባሏን ነው።

«ሐሙስ ሐሙስ እያመሸሁ እገባ ነበር» አለ ቴዎዱል መሬት መሬት እያየ። «ቢሮው ቢዘጋም የተከፈለበት ደብዳቤ አይቀርም ብዬ። ዛሬ ሰምታለች፣ አልቅሳ ወጥቶላታል እያልኩ በሩን እከፍታለሁ። እሷ እራቴን ታቀርብልኛለች። ‹ክሌቱስ ለገና ይመጣ ይሆን?› ትለኛለች።»

«አንተስ ምን ትለኝ ነበር?» አለች ፊሎሜን።

«ይመጣል።»

ከበሩ ወርዳ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን ትከሻው ላይ አደረገች፤ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ሰውየው ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ ግቢው መግባት ጀመሩ።