ሐረጎ ዳገት ላይ

ጋሹ ልጁን ሳያስጠምቅ የቆየው ለቤቱ ሰላም ብሎ ነበር። እሱ ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ነው፤ ሚስቱ እስከዳርም ስታገባው ወደ እሱ ቤተ ክርስቲያን መጥታለች። አማቱ እማማ ቡዜ ግን ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የልጃቸው መሄድ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። ሕፃኗ ያለ ጊዜዋ ስትወለድ፣ የጋሹ ቄስ ቶሎ እንዲያመጣት መክረውት ነበር። እማማ ቡዜ ግን «ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ አትጠመቅም» አሉ። ጋሹ እሳቸውን ላለማስቀየም እሺ አለ።

አሁን ልጅቷ እማማ ቡዜ እቅፍ ውስጥ ትንፋሽ እያጠራት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላታል። እስከዳር ገና ከአልጋ ስላልተነሳች ስልኳን ይዛ እዚያው ቀርታለች። ሁዘይፋ የሚነዳት ኮንትራት ታክሲ ሐረጎ ዳገት ላይ ቆማለች፤ ከፊት ሲኖትራክ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል፤ ከኋላም መኪናው ተደርድሯል።

«ይዣት በእግር ልውጣ» አለ ጋሹ በሩን ከፍቶ።

«በዚህ ብርድ? ወላሂ መንገድ ላይ ትቀርብሃለች» አለ ሁዘይፋ።

ጋሹ የልጁን ከንፈር አየ። ጠቁሯል።

«እማማ፣ ይስጡኝ። ላጥምቃት።»

«አንተ?» እማማ ቡዜ ልጅቷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ከመቼ ወዲህ ነው ቄስ የሆንከው? ትናንት ጎማ ስትለጥፍ አልነበር?»

«በእኛ ሥርዓት ልጅ ልትሞት ስትል ቄስ ከሌለ ማንም ያጠምቃል።»

«አትሞትማ።»

«እማማ...»

«አትሞትም አልኩህ።»

ጋሹ ወርዶ በተከፈተው በር አስፋልቱ ላይ ተንበረከከና እግራቸውን ያዘ። «ያኔ ሲሉኝ እሺ ብዬዎታለሁ። ዛሬ እርስዎ እሺ ይበሉኝ።»

ሁዘይፋ ዞር ሳይል አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ኋላ አቀበለ። «ከሶላት በፊት ለመታጠብ፣ ለውዱዕ የያዝኩት ነው። ንጹሕ ውሃ ነው፣ እናቴ።»

እማማ ቡዜ ጠርሙሱን አዩት። ልጅቷንም አዩ። ከዚያ የተሸፈነችበትን ጋቢ ከራሷ ላይ ገለጥ አደረጉ።

«ስም እንኳ አላወጣችሁላትም» አሉ። «ወለተ ማርያም በላት።»

ጋሹ ውሃውን መዳፉ ላይ አድርጎ እንዲሞቅ ተነፈሰበት። «ወለተ ማርያም፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» እያለ ሦስት ጊዜ ግንባሯ ላይ አፈሰሰ። ልጅቷ ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ከፊት ያሉት መኪኖች ሞተር ማስነሳት ጀመሩ። ሁዘይፋ ግን በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ቁልፉን አልነካም።

የጋሹ ስልክ ጠራ። እስከዳር ናት።

«ደረሳችሁ? ትተነፍሳለች?»

ጋሹ እማማ ቡዜን አየ። እሳቸው ጆሯቸውን ልጅቷ ደረት ላይ ለጥፈው ቆዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው በጋቢው ጫፍ ፊቷን ሸፈኑ።

«ተጠምቃለች» አለ ጋሹ።

«ማን አልካት?» አለች እስከዳር።

እማማ ቡዜ ስልኩን ከጋሹ እጅ ወሰዱ።

«ወለተ ማርያም ናት፣ ልጄ» አሉ። «ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»