የሴንሰሩ ቦታ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ አፍንጬ ነው የሚለው። ጋራዣችን ውስጥ መኪና ሲነሳ ጭስ ማውጫው ጋ ቁጢጥ ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ከዚያ «ቤንዚን በዝቶበታል» ወይም «አንሶታል» ይላል፤ አለቀ። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ተሳስቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ልጁም፣ በያጁም፣ ጭቅጭቁን ቻይም ነኝ።

ቶሎ ቶሎ የምንለው ደንበኛችን መኪናው ላይ ጉልበት የሚጨምርለት ትልቅ ቱርቦ አስገጥሞ መጣ። ጭሱን እየለካ የቤንዚኑንና የአየሩን ልክ በቁጥር የሚያሳይ ኦክስጅን ሴንሰርም ከነጌጁ ገዝቷል። «ግጠሙልኝ፣ ቤንዚኑንም አስተካክሉልኝ፤ ነገ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ» ብሎ ቁልፉን ወረወረልኝና ሄደ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ልኩ ከተሳተ ሞተሩ ቀጥ የሚለው ዳገቱ መሀል ላይ ነው፣ ከነልጆቹ።

የሴንሰሩን ቦታ አውቀዋለሁ። ከቱርቦው በሚወጣው ቧንቧ ላይ፣ ከቱርቦው ክንድ ያህል ርቆ፣ ከጭስ ማጣሪያው በፊት ነው የሚገባው። ውሃ እንዳያቁርበት ደግሞ ከቧንቧው በላይ በኩል ትንሽ ጋደል ይላል። በሳሁ፣ በየድኩ፣ አሰርኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ጌጁ ቤንዚን በጣም በዝቷል አለ።

አባዬ ከኋላ ቁጢጥ ብሎ አሸተተ። «ምን ቤንዚን አለበት? እንዲያውም አንሶታል።»

«ጌጁ ግን እኮ…»

«ቦታው ነው ልክ ያልሆነው። ወደ ሞተሩ አስጠጊው፣ ትኩሱን ጭስ ያግኝ።»

እውነት ለመናገር ለእኔም ቤንዚን ቤንዚን ሸቶኛል። ግን አባቴ ባለበት የእኔ አፍንጫ ምን ቤት ነው? ካንዴላ ፈትቼ አሳየሁት፤ ከሰል መስሏል፣ ቤንዚን ሲበዛ ነው እንዲህ የሚጠቁረው። «የቆየ ጥላሸት ነው» አለኝ፣ ደህና አድርጎም ሳያየው። ተናደድኩ። ተናድጄም ቢሆን ቀዳዳውን በቡሎን ደፍኜ ከቱርቦው በፊት ሌላ በሳሁ። እዚያ ሙቀቱም ግፊቱም ሴንሰር አያስቀምጥም፤ ይህን እያወቅኩ ነው የበሳሁት። ቁጥሩ ጭራሽ ባሰበት።

«እንግዲያው ጭራው ላይ አድርጊው» አለ አባዬ።

ይሄኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ጭስ ከጭራው ጫፍ አይለካም፣ የውጭ አየር ይቀላቀልበታል ብሎ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ያስተማረኝ ሰው አድርጊው ሲለኝ ምን ልበል? አደረግኩት። ቁጥሩ ተገልብጦ ቤንዚን አንሷል አለ። የአባዬ ፊት በራ። «ይኸው፣ ምን አልኩሽ? በይ ቤንዚን ጨምሪበት።»

አንድ መኪና ሦስት ወሬ ያወራኛል። ግራ ገባኝ ብል አይገልጸውም። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ የደነዘዝኩት? አባቴ ልክ ካልሆነ እኔ የማውቀው ሁሉ ከየት መጣ ሊባል ነው? ቤንዚኑን ለመጨመር ሞተሩን የሚያዘውን ኮምፒውተር ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ቁጥሩን ግን አልነካሁትም። የሰው ልጆች ሊሳፈሩበት ነው እኮ።

እኔ እንዲህ ስብሰለሰል አባዬ «ለመስታወት ማጠቢያው ውሃ ልሙላለት» ብሎ ከመደርደሪያው አንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ አነሳ። ኮፈኑ ስር አጎነበሰ፣ አፍንጫው የጠርሙሱን አፍ ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ቀስ እያለ ይቀዳ ጀመር። ሽታው መሪው ጋ የተቀመጥኩት እኔ ድረስ መጣ። ቤንዚን ነው። አባዬ ግን እያፏጨ ይቀዳል።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቅኩት።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነዋ።»

«እስኪ አሽትተው።»

አላሸተተውም። ፊቴን አየት አደረገና ንጹሕ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ነው» አለ። «ይመለሳል ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በየቦታው ያስበሳኸኝ?»

«አንዱ ጋ እንኳ ከእኔ ጋር ቢስማማ ብዬ።»

አንጀቴን በላው። ንዴቴን ደግሞ የት ላድርገው? ሰው ዳገት ላይ ሊያስቀርብኝ ነበር እኮ። ሁለቱ ተደባልቀውብኝ የተቀዳውን ቤንዚን መጥጬ አወጣሁ፣ ማጠቢያውን ደጋግሜ አለቀለቅኩ፣ ኋላ የበሳኋቸውን ቀዳዳዎች ደፍኜ ሴንሰሩን መጀመሪያ ወዳስገባሁበት መለስኩት። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ጌጁን እያየሁ ቤንዚኑን እስኪስተካከል ድረስ ቀነስኩ። አባዬ መብራት ይዞልኝ ቆመ።

ቶሎ ቶሎ እንደ ስሙ ከች አለ። ጌጁን ዞር ብሎም አላየው። «ጋሼ፣ በሉ ያሽቱልኝና ልሂድ።»

አባዬ ሄዶ ከኋላ ቁጢጥ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሲገልጠው በጎን መስታወቱ ውስጥ መሪው ጋ የተቀመጥኩትን እኔን ፈለገኝ። ጌጁን አየሁና ራሴን ነቀነቅኩለት።

«ተስተካክሏል፣ ውሰደው» አለ።

«ይሄን ማሽን ዝም ብዬ ነው የገዛሁት፤ እርስዎ እያሉልኝ» አለ ቶሎ ቶሎ፣ እየሳቀ ነድቶ ወጣ።

መኪናው ልክ ነው፣ ለእሱ አልሰጋም። ለአባቴ ደረስኩለት ወይስ አብሬው ሰው አታለልኩ? አላውቅም። አሁንም ስለዚህ ሳስብ ይዞርብኛል።

አባዬ በሩን ገርበብ አድርጎ ተመለሰ። ከወለሉ ላይ ቁራጭ ቧንቧ አነሳ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና አቀበለኝ።

«ከቱርቦው ምን ያህል ነው የሚርቀው ያልሽው?» አለ። «ቦታውን አሳዪኝ።»

በጠመኔ ምልክት አደረግኩለት። ጠመኔውን ተቀበለኝና ምልክቴ ላይ ደገመበት።